ከቦሌ ዋሽንግተን፦ የሚያደክመው ኪሎ ሜትሩ አይደለም

እናቴን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ላመጣት ትኬት ስፈልግ መጀመሪያ ያየሁት ርቀቱን ነበር። በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፍራንክፈርት ሲዞር 5,300 እና 6,500፣ በድምሩ ወደ 11,900። ጭማሪው የግማሽ ሰዓት በረራ እንኳ አይሆንም፤ ዋጋው ደግሞ ቀነስ ይላል። ቪዛውም፣ ኢንሹራንሱም፣ ዊልቸሩም ያለ ችግር አለቀ።

ጣጣው የመጣው ከትኬት ቆራጩ ነው። ሰውዬው ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ቆርጦ ሰጠን፤ አንዱ እስከ ፍራንክፈርት፣ ሌላው ከዚያ ወዲያ። ጠየቅኩት። «ያው አንድ ነው፣ አታስብ» አለኝ።

አንድ አይደለም። ቦሌ ላይ ሻንጣዋ ሚዛን ላይ ከወጣ በኋላ ሠራተኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ፣ «ዕቃቸው የሚሄደው እስከ ፍራንክፈርት ነው። እዚያ ማን ያወጣላቸዋል?» አለች። ኢትዮጵያዊ በሸንገን አገር (ጀርመንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው፤ እናቴም አላት። ግን ሻንጣ ለመውሰድ ጀርመን መግባት ሲመጣ ያ አይሠራም፣ የሸንገን ቪዛ ግድ ነው። እህቴ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ ትለምናለች፣ እኔ ከዚህ እጮሃለሁ፣ እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ዊልቸሩ ላይ ሆና «ምን አሉ? ምን አሉ?» ትላለች። ሠራተኛዋ ልክ ነበረች። ትኬት ቆራጩ ጋ ስንደውል ግን መጀመሪያ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አለ፤ ከዚያ ስልኩን ዘጋ። እማዬ ሳትሳፈር ቀረች። ሁለተኛው ትኬትም «ኖ ሾው» (ተሳፋሪዋ አልቀረበችም) ተብሎ ተቃጠለ። ገንዘቡን ስጠይቀው ዛሬም «በሂደት ላይ ነው» ይለኛል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ሁለቱም በረራ በአንድ ፒኤንአር (በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር) ነው? ሻንጣው እስከ መጨረሻው መድረሻ ታግ ይደረጋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በቴሌግራም ጽፎ ይላክላችሁ። የቃል አትቀበሉ። ሻጮቹ «አውሮፕላን ለመቀየሪያ አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው» ይላሉ። ለወጣት ይሁን። ዊልቸር የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ከአውሮፕላኑ መጨረሻ ነው የሚወርደው፤ ከሦስት ሰዓት በታች ከሆነ እኔ አልገዛም።

በመጨረሻ ከቦሌ ዋሽንግተን በአንድ አየር መንገድ መጣች። ማታ ተነስቶ ጠዋት ስለሚደርስ ወረቀቱ ላይ አንድ ሌሊት ይመስላል። ያ ሌሊት ግን በሁለቱ አገሮች የሰዓት ልዩነት ምክንያት በአሜሪካ የበጋ ሰዓት በ7፣ በብርዱ ወራት በ8 ሰዓት ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ነፋሱም ከፊት ነው። ለዚህም ነው ይህ በረራ ለዓመታት እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ የኖረው። ሲመለስ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል፣ የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርትም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ 13 ሰዓት ገደማ ያለ ማረፊያ። የመመለሻዋን ቀጥታውን ቆርጬላታለሁ። ተወዷል፣ ይወደድ።