ንፁሁ ቱቦ

ከላቦራቶሪው የወጣሁት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ፀጉሬ ገና አልደረቀም። እኛ ጋ ገላ ሳይታጠቡ መውጣት የለም። ልብሱም ወረቀቱም እዚያው ይቀራል፤ አየሩ እንኳ ሳይጣራ አይወጣም።

ናሙናው የመጣው ከቆላ ነው፤ ከታመሙ ፍየሎች አፍንጫና ዓይን በጥጥ የተወሰደ ፈሳሽ። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የአፍ ቁስል፣ ከዚያ ሞት። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ሲነግረኝ ልቤ ወዲያው "ደስታ መሰል በሽታ" አለ። ይህን ስም እንደ ሌላው በሽታ ቀለል አድርጌ መጥራት አልችልም። ደስታ፣ ያ የከብቱ በሽታ፣ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሩን ከብት ጠራርጎ ክፉ ቀንን ያመጣ ነው። እሱስ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የበግና የፍየሉ ዘመዱ፣ ደስታ መሰል፣ ግን ዛሬም አለ።

ከሰዓት የፒሲአሩ፣ የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ፣ ውጤት ወጣ። የፍየሎቹ ናሙና ፖዘቲቭ ነው። ችግሩ፣ ለማመሳከሪያ የሚያዘው፣ ምንም ቫይረስ የሌለበት የኮንትሮል ቱቦም ዘግይቶ ፖዘቲቭ ሆነ። ሁላችንም ስክሪኑ ላይ ፈዘን ቀረን። ታናሻችን ድምጿ እየተንቀጠቀጠ "ዶክተር፣ እኔ ነኝ። ናሙና ከነካሁ በኋላ ጓንት ሳልቀይር ኮንትሮሉን ከፈትኩት" አለች። ማንም አልጠየቃትም። ዝም ብትል ኖሮ ቀኑን ሙሉ ማሽኑንና ኬሚካሉን ስንጠራጠር እንውል ነበር። "ጎሽ፣ እግዜር ይስጥሽ" አልኳት። ከልቤ ነው። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አለቃችን ይጮህብን ነበር፤ ፈርተን ስንት ነገር እንደዋጥን አውቃለሁ።

በዚህ መሃል ሐኪሙ ደወለ። "ነገ ገበያ ነው፤ ፍየሎቹን ሊያወጡ ነው። ምን ልበላቸው?" ነግሬው መገላገል አማረኝ። ግን ባልጠራ ኮንትሮል "አዎ" አይባልም። "ውጤቱ አልደረሰም ወንድሜ። እስከዚያ የታመመውን ለይ፤ መንጋው ከቀዬው እንዳይወጣ ለምናቸው" አልኩት።

ከማቀዝቀዣው ቀሪውን ናሙና አውጥተን ከሀ ጀመርን። ኮንትሮሉን ያዘጋጀችው እሷው ናት። አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ጓንት በቀየረች ቁጥር ቀና ብላ ታየኛለች።

በሁለተኛው ዙር ኮንትሮሉ ንፁህ ሆነ። ፍየሎቹ ያው ፖዘቲቭ ናቸው። ለሐኪሙ ስደውል ለአፍታ ዝም አለና "እንግዲህ ክትባቱን ቶሎ አስልኩልኝ" አለ።

ልጅቷ ስህተቷን በራሷ እጅ መዝገቡ ላይ ጻፈች። ከሥሩ ፈረምኩ።