ጋን ሳይታጠን ጠላ የለም

ዛሬ ማራኪ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ ኪውት 6ን (Qt፣ አፕ መሥሪያ የሶፍትዌር ስብስብ ነው) ከሶርስ ኮዱ ለአንድሮይድ ስልክ ልገነባ ተነሳሁ። ስሙ ኪውት ነው የሚባለው፤ እኔ አላወጣሁትም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮንፊገር (የግንባታው ዝግጅት) ብለው እምቢ አለኝ። ለካ ለስልክ ከመገንባቱ በፊት ለራሱ ለኮምፒውተሩ የተገነባ ሌላ ኪውት ይፈልጋል። እንደ ሞክ ያሉት ኮድ አመንጪ መሣሪያዎች የሚሮጡት ስልኩ ላይ ሳይሆን እዚሁ ላፕቶፑ ላይ ነዋ! ስለዚህ ሁለት ጊዜ ግንባታ። ጠላ ለመጥመቅ መጀመሪያ ጋኑን ማጠን በሉት።

ግንባታውን የሚያካሂደው ፕሮግራም፣ ኒንጃ፣ ሥራውን ሲጀምር የላፕቶፔ ፋን እንደ ዳገት የወጣ ባጃጅ ጮኸ። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ባትሪዬ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ድርግም! ደግነቱ ኒንጃ ያለቀውን ፋይል ድጋሚ አይነካም። ፒያሳ ወርጄ ማኪያቶ ጠጥቼ ስመለስ መብራቱ መጥቷል፤ ካቆመበት ቀጠለ።

ማታ አለቀ። መሞከሪያ አፑን የእናቴ ስልክ ላይ ልጭን ስል አልቀበልም አለ። እኔ የገነባሁት ለ64 ቢት አርም (የስልክ ፕሮሰሰር ዓይነት ነው)፣ የእሷ አሮጌ ስልክ 32 ቢት!

"ስልኬን ምን አደረግኸው?" ትላለች እማዬ።

ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደገና።