ስክሪኑን ያጠፋሁበት ወር

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለችው ትንሿ የኳስ ማሳያ ቤቴ፣ የኳታሩ የዓለም ዋንጫ ከኅዳር 11 እስከ ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲካሄድ አንድም ጨዋታ አላሳየችም። ውሳኔው የእኔ ብቻ ነበር፤ ኪሳራው ግን የእኔ ብቻ እንዳልነበረ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በጅማና በዙሪያዋ ዘመዱን ወደ ዓረብ አገር ያልሸኘ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለሆነም የሠራተኛውን የመግባት፣ ሥራ የመቀየርና ወደ አገሩ የመመለስ ጉዳይ በአሠሪው እጅ ስለሚያስረው «ካፋላ» የተባለ የስፖንሰርነት ሥርዓት ሌላ አስረጂ አያስፈልገንም። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ፈቅዳ፣ ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል እንዲሆን ደንግጋለች፤ ነገር ግን ፓስፖርቷ በማዳም ቁም ሣጥን ለተቆለፈባት ልጅ ድንጋጌው ምን ያህል እንደሚደርሳት መገመት አይከብድም። ፓሪስና ማርሴይ የሠራተኞቹን አያያዝ ጭምር በመቃወም በአደባባይ ትልልቅ ስክሪን ላለመትከል መወሰናቸውን ስሰማ፣ እኔም ስክሪን አለኝ አልሁ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ በሩ ላይ የለጠፍሁት ወረቀት ነበር። «ስታዲየም ሲገነቡ 6,500 ሠራተኞች ሞተዋል» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጻፍሁ። በሦስተኛው ቀን ከደንበኞቼ አንዱ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቆሞ አነበበውና፣ ቁጥሩ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መሆኑን፣ የሚያሳየውም ኳታር አዘጋጅነቱን ካገኘችበት ከ2010 ወዲህ በማንኛውም ምክንያትና በየትኛውም ሥራ ላይ ሳሉ የሞቱ የአምስት የደቡብ እስያ አገሮች ዜጎችን መሆኑን በትሕትና ነገረኝ። አፈርሁ። ወረቀቱን ቀድጄ በሌላ ተካሁት፤ በአዲሱ ላይ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ፊፋን የጠየቁትን፣ ማለትም ለተሳታፊ ቡድኖች ከተመደበው ሽልማት ጋር እኩል የሆነ 440 ሚሊዮን ዶላር ለተጎጂ ሠራተኞች ካሳ እንዲውል የሚለውን ጥያቄ አሰፈርሁ። ከዚያ በኋላ የሚሳለቁብኝ ቢኖሩም፣ ምን ትፈልጋለህ ለሚለኝ ሁሉ የምመልሰው ነበረኝ።

ገበያውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። ሰዓታችን ከዶሃ ጋር አንድ ስለሆነ ጨዋታዎቹ ከቀኑ 7 ሰዓት አንሥቶ እስከ ማታ ለሥራችን የተመቹ ነበሩ፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግም ለዋንጫው ሲባል ስለተቋረጠ በምትኩ የማሳየው አልነበረኝም። ደንበኞቼ ሁለት በር አልፈው ሌላ ቤት ገቡ።

የከበደኝ ሌላ ነው። በር ላይ ቆሞ ሒሳብ የሚቀበልልኝ ልጅ የሚከፈለው በቀን ገቢ ልክ ስለነበር፣ እኔ ስለ ሠራተኛ መብት ወረቀት ስለጥፍ እርሱ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ይህን ያስተዋሉልኝ ቡና ሊጠጡ የመጡ አንድ አባት ናቸው። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «በ1968 መንግሥት ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ሲቀር ያልሮጠው ምሩጽ ይፍጠር ነው።» ያን ጊዜ ከ20 በላይ አገሮች የቀሩት፣ የራግቢ ቡድኗን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ የላከችው ኒውዚላንድ እንድትታገድ ያቀረቡት ጥያቄ ተቀባይነት ስላጣ ነበር። ምክንያቱ ትክክል ነበር። ምሩጽም በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አገኘ፤ የሞንትሪያሉን ግን ማንም አልመለሰለትም። በማግሥቱ ለልጁ የወሩን ሒሳብ ከኪሴ ከፈልሁት፣ ኳሱንም እዚያው ሁለት በር አልፎ እንዲያይ ነገርሁት።

ከቤቴ ፊት ለፊት የጀበና ቡና የምትሸጠው ከሳዑዲ ተመላሽ ደግሞ አልተስማማችኝም። «ጋሼ፣ የእናቴን ቤት ያሠራሁት በዚያው ብር ነው፤ እርስዎ ስክሪን ቢያጠፉ ለእኔ የቀረብኝ ደመወዝ ይመጣል?» አለችኝ። አይመጣም አልኋት። ከመጀመሪያው እርሷን ሳላማክር መለጠፌ አሁንም ይቆጨኛል።

እ.ኤ.አ. የ2034ቱን የዓለም ዋንጫ ሳዑዲ አረቢያ እንድታዘጋጅ መወሰኑ በተሰማ ሰሞን ያቺው ሴት፣ ስኒዋን እያለቀለቀች፣ «እንግዲህ ያን ጊዜስ?» አለችኝ። በርጩማዬን አስጠግቼ፣ ወረቀቱ ላይ ምን እንዲጻፍ እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ያልተከፈላትን የስምንት ወር ደመወዝ አስቀደመች።