የሃምሳ ሰዓት ታሪክ፣ የማይታመን ዕቃ

ረጅም ታሪክ ያለው ጌም ከመጀመሬ በፊት ሁሌም አንድ ነገር አስባለሁ። የምጫወትበት ዕቃ እስከ ታሪኩ መጨረሻ ይዘልቅልኝ ይሆን? መጽሐፍ የሚጀምር ሰው ይህ አያሳስበውም። እኔ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ጌም እየተጫወትኩ ነው ያደግኩት።

የሰፈር ጌም ቤት የማያውቅ የለም። ቆዳው የተላጠ ጆይስቲክ፣ ተራ የሚጠብቅ ልጅ፣ "ተሸናፊ ይነሳ!" የሚል ጩኸት። የምንጫወተው ኳስ ነበር። ኳስ ስለምንወድ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ሌላም ምክንያት አለ። የኳስ ጨዋታ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሂሳብህን ከፍለህ ትሄዳለህ። ታሪክ ያለው ጌም ግን ነገ መጥተህ ካቆምክበት እንድትቀጥል ይፈልጋል። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ለዚህ የተሰጠን 8 ሜጋባይት ሜሞሪ ካርድ ነበር። እሷም የሰፈሩ ሁሉ ናት። ቦታ ያጠረው ልጅ ያንተን ሴቭ፣ ማለትም የደረስክበትን የሚያስቀምጠውን ፋይል፣ ያጠፋዋል። ሴቭ እያደረግክ መብራት ከሄደም አለቀልህ። ስለዚህ የብዙ ጌሞችን መጀመሪያ በቃላችን እናውቃለን፤ መጨረሻቸውን ያየን ግን ጥቂት ነን።

ካደግኩ በኋላ የራሴን ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ) ገዛሁ፤ ያገለገለ ነበር። ሻጩ ሱቁ ውስጥ ሰክቶ አሳየኝ። "ዋስትና አለው?" አልኩት። "ሞክረህ ውሰድ። ከበር ከወጣ ግን አናውቅም" አለኝ። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የሚባለውን ጌም የጀመርኩት በዚያ ኮንሶል ነው። ዋናው ታሪክ ብቻ ሃምሳ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1899 ነው፤ አርተር ሞርጋን የሚባል ሽፍታ ነህ። መጀመሪያ አካባቢ ዕዳ አስከፍላለሁ ብለህ አንድ በሽተኛ ገበሬ ትደበድባለህ። ሰውየው ፊትህ ላይ ይስላል። በዚያ ሰዓት ብዙም ቁም ነገር አይመስልም። ከብዙ ሰዓት በኋላ አርተር ራሱ መሳል ይጀምራል። የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ከዚያ ሰውዬ የያዘው።

እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ኮንሶሉ ጠፋ። ጨርሶ እምቢ አለ።

መገናኛ አካባቢ ያለ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ክዳኑን ሲከፍተው ማራገቢያው ላይ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ቺፑ ላይ የነበረው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ይፈረፈራል። በሆት ኤር፣ ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ፣ አሞቀውና በራ። "ወንድሜ፣ አልዋሽህም" አለኝ፤ "ይሄ ማስታገሻ ነው። አንድ ወር ከሠራልህ ተመስገን በል።" አንድ ወርም አልሠራም።

የአርተርን መጨረሻ በዩቲዩብ አየሁት። ግን የእኔ አርተር አልነበረም። ጌሙ የሠራኸውን ደግና ክፉ ይቆጥራል፤ አሟሟቱም በዚያ ይለያያል። የእኔው አርተር የረዳቸው ሰዎች ነበሩ፣ ያሳለፋቸው ምሽቶች ነበሩ። ያ ሁሉ በማይነሳው ኮንሶል ውስጥ ቀረ። ከፊልም ወይም ከልብወለድ የሚለየው ይሄ ነው። የተቋረጠ ፊልም ሌላ ቤት ሄደህ ትጨርሰዋለህ፤ ያንተ ሴቭ ግን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ይህ የእኛ አገር የመብራትና የአቧራ ችግር ብቻ ነው የሚል ካለ፣ የማይክሮሶፍትን ኮንሶል የኤክስቦክስ 360ን ጉዳይ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2005 ከተፎካካሪዎቹ ቀድሞ ገበያ ለመድረስ ተጣድፎ ወጣ። ቺፑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ግንኙነቶቹ ይሰነጠቁ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ላይ ሦስት ቀይ መብራት ይበራና ያበቃል። ማይክሮሶፍት በ2007 ለዚህ ችግር ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዘመ። ወጪውም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው። ቢያንስ እዚያ ያለው ተጫዋች ኮንሶሉን ልኮ ተጠግኖ ይመለስለት ነበር። እኛ ዘንድ ዘመድ ከዋሽንግተን ያመጣውን ኮንሶል፣ በ120 ቮልት የሚሠራውን፣ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ሰክቶ ያቃጠለ ሰው ማን ይደርስለታል?

የሚያናድደኝ ደግሞ ብዙው ብልሽት መፍትሔ ያለው መሆኑ ነው። ድሪፍትን ውሰዱ። ጆይስቲኩን ሳትነካው ገጸ ባሕሪው ራሱ መሄድ ይጀምራል። በሐዘን ትዕይንት መሃል ጀግናህ ከሟቹ ዞር ብሎ ወደ ግድግዳ ሲራመድ ማየት ምን ያህል እንደሚረብሽ ያየ ያውቀዋል። ምክንያቱ ውስጥ ያለው የሚፋተግ ክፍል እየተበላ መሄዱ ነው። በማግኔት የሚሠራ፣ የማይፋተግ ስቲክ ግን ሴጋ ድሪምካስት የሚባል ኮንሶል ላይ በ1998 ነበር! ኒንቴንዶ ስዊች የወጣው ከዚያ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2017 ነው፤ ያም ሆኖ በድሪፍት ምክንያት የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ በ2020 ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደርሰዋል።

ጌም ጸሐፊዎቹ ግን ሴቭ ምን ያህል ውድ እንደሆነ በደንብ ያውቃሉ። በ2017 የወጣውን የጌም ዳይሬክተሩን የዮኮ ታሮን ጌም፣ ኒር ኦቶማታን አስቡት። (ያልጨረሳችሁት ይህን አንቀጽ እለፉት።) መጨረሻው ላይ ብቻህን የማታሸንፈው ውጊያ ይገጥምህና የማታውቃቸው ተጫዋቾች ይደርሱልሃል። ከዚያ ጌሙ ይጠይቅሃል፦ አንተስ ለማታውቀው ሰው ስትል ሴቭህን ሁሉ ትሰጣለህ? እሺ ካልክ ዓይንህ እያየ መሣሪያህን፣ ካርታህን፣ የሰበሰብከውን ሁሉ አንድ በአንድ ያጠፋዋል። እኔ እሺ አልኩ፤ አለቀስኩም። ዋጋ የነበረው እኔ ስለሰጠሁት ነው። የተቃጠለ ቺፕ ፈቃድህን አይጠይቅም።

ስለዚህ ከአምራቾቹ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ሴቬን ወደ ፍላሽ ልገልብጠው። ስዊች ይህን አይፈቅድም፤ ፕሌይስቴሽን 5 ላይም የራሱን ጌሞች ሴቭ ነጥለህ ወደ ፍላሽ ማውጣት አትችልም። ክላውድ (ሴቭህን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ አገልግሎት) አለ ይሉሃል፤ ክላውዱ የደንበኝነት ክፍያ አለው፣ በብር ብቻ የሚሠራ የባንክ ካርድ ይዘህ ያንን መክፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። እኔ አሁን ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው የምጠቀመው። ፔስቱን ራሴ እቀይራለሁ፣ አቧራውን ራሴ አራግፋለሁ። የሴቭ ፎልደሩን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። አንዱ ፍላሽ እህቴ ቤት ነው የሚቀመጠው።