ቅጠሏን ጨረሷት

አራት ኪሎ፣ መሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ አንዲት የልምጭ ዛፍ አለች። ዛሬ መድኃኒት መርጫ ተሸክሞ የመጣው ልጅ ሊረጫት ሲል አትክልተኛችን "ተው!" አሉት።

"ትሎቹ ቅጠሏን ጨረሷት እኮ ጋሼ!"

"ይብሏታ። ተመልሳ ታቆጠቁጣለች።"

ጠጋ ብዬ አየሁ። ትናንሾቹ ትሎች ቁርጥ የወፍ ኩስ ናቸው። ትልልቆቹ አረንጓዴ። ጋሼ አንዱን በስንጥር ነካ ሲያደርጉት ከጭንቅላቱ ኋላ ብርቱካናማ መንታ ቀንድ ብቅ አለ። ሽታው ደግሞ! ልጁ አፍንጫውን ይዞ አፈገፈገ። ትሉም የራሱ መድኃኒት አለው ለካ።

እነዚህ ናቸው እንግዲህ በጥቁር ላይ ፈዛዛ ቢጫ ጣል ጣል ያለባትን ያቺን ትልቅ ቢራቢሮ የሚሆኑት። የሎሚና የብርቱካን ቅጠልም ይበላሉ። ልምጭ የሎሚና የብርቱካን ዘመድ ናት፤ ጤና አዳምም እንደዚያው። ቢራቢሮዋ ካገኘችው አበባ ትቀስማለች፤ እንቁላሏን የምትጥለው ግን ልጆቿ የሚበሉት ቅጠል ላይ ነው።

መንገድ ዳሩ ሁሉ አበባ በአበባ ሆኗል፣ ደስ ይላል። ግን አብዛኛው የውጭ ዝርያ ይመስለኛል። ለመፋቂያ የምንቆርጣትን ልምጭ አንድ ጥግ ላይ የሚተክልልን የለም? ችግኝ ያላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ ለሰፈራችን እፈልጋለሁ።