የሳፋው ክርክር

ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ደቻቱን እንደ ቤተ ሙከራው ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ወንዝ ዝናብ ሲጥል እዚህም እዚያም ውሃ ያቁራል፤ ጉርጦችም ሳይውሉ ሳያድሩ እንቁላላቸውን ይጥሉበታል። ተማሪዎቼ ከዚያ ጥቂት እጮች በጆግ ቀድተው አመጡ፤ በሳፋ አድርገን ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን አሳድረን እንጨምራለን፤ ሰላጣ ቀቅለን እንመግባለን።

የኋላ እግራቸው ብቅ ማለት ሲጀምር የጤና ባለሙያዋ ለቁጥጥር መጣች። ጎንበስ ብላ አየችና "መምህር፣ ይህ አሁኑኑ ይደፋ" አለች።

"ኧረ ሲስተር፣ የቢንቢ እጭ ይበሉልናል!" አለ አንዱ ተማሪ።

ለእኔ መቆሙ ነው፤ ግን አልተሳካለትም። አብዛኛው የጉርጥ እጭ አልጌ ይግጣል እንጂ ቢንቢ አያድንም። ነፍሳት የሚለቅመው አድጎ ወደ የብስ ሲወጣ ነው። ለዚያውም የቢንቢ እጮቹ ሳፋው ጥግ ላይ ራሳቸውን ዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል፤ ጥላዋ ሲያርፍባቸው እየተጥመለመሉ ወደ ታች ወረዱ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቢንቢ የምታስተላልፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ያስተኛው ከተማ ውስጥ ይህን አይቶ የሚከራከር የለም።

"ውሃውን በየሦስት ቀኑ ብንቀይርስ?" አልኳት። ቢንቢዋ በዚህ ሙቀት ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ ለማውጣት ሳምንት ገደማ ያስፈልጋታል፤ እኛ እንቀድማታለን ብዬ ነው።

በጥፍሯ የሳፋውን ግድግዳ ከውሃው በላይ ጫር አደረገች። "እንቁላሏን የምትለጥፈው እዚህ ነው። ደርቆ ወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ካልተፈገፈገ መቀየሩ ብቻ ዋጋ የለውም።"

ያን ቀን የጉርጡን ትምህርት ትቼ የቢንቢዋን ዕድገት ከጎኑ ሰሌዳ ላይ ሣልኩ። ሳፋው በብሩሽ ይፈገፈግ ጀመር፤ አሮጌ አጎበርም ለበሰ።

በሌላ ጊዜ ስትመጣ የፊት እግራቸው ወጥቶ ነበር። ውሃ ውስጥ የሚተነፍሱበት ስንጥብ ለሳንባ ቦታውን ስለሚለቅ እንዳይሰጥሙ መውጫ ድንጋይ አኑረናል።

"ሰላጣውን ለምን አልነኩትም? ታመሙ እንዴ?" አለች።

"አፍና አንጀታቸው እየተለወጠ ስለሆነ አይበሉም፤ ስንቃቸው ጭራቸው ነው። ወደ ሰውነታቸው እየመጠጡት ይሰነብታሉ።"

አጎበሩን መልሳ አለበሰችና ወደ መምህራን ማረፊያው ዞረች። "ያ በርሜል ግን ክዳን የለውም።"