የበዓል ካርድ በጊምፕ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሱቅ የሚሸጡት የገና ካርዶች ላይ ሁልጊዜ በረዶ የለበሰ ጥድ አለ። እኛ ጎንደር ታኅሣሥ 29 ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። የእኛን በዓል የሚመስል ካርድ ስለምፈልግ ራሴ መሥራት ጀመርኩ። የምጠቀመው ጊምፕ የተባለውን የፎቶና የሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፤ በነፃ ይወርዳል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ለካርድ ሥራ እስካሁን ሌላ ፕሮግራም አላስፈለገኝም። መሞከር ለምትፈልጉ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ዋናው ነገር ከወረቀቱ መጀመር ነው። ፎቶ ከፍቶ እዚያው ላይ ከመጻፍ ይልቅ መጀመሪያ ወረቀቱን ማዘጋጀት ይሻላል። አዲስ ፋይል ስትከፍቱ ከቴምፕሌቶቹ ውስጥ ኤ4 በ300 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) የሚለውን ምረጡና አጋድሙት፤ 3508 በ2480 ፒክስል ይሆናል። 50 ፐርሰንት ላይ የቁም ጋይድ፣ ማለትም የማይታተም መመሪያ መስመር፣ አስቀምጡ፣ ወረቀቱ የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነው። ቀኝ ግማሹ የካርዱ ፊት፣ ግራው ጀርባው። የውስጡ ገጽ ራሱን የቻለ ሌላ ፋይል ነው፤ መልካም ምኞቱ እዚያ ቀኝ በኩል ይገባል። ብዙ ፕሪንተሮች እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ስለማያትሙ፣ ዙሪያውን 60 ፒክስል ያህል፣ ማለትም ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ባዶ ተዉ።

ፎቶ ከሰው ስትቀበሉ በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላክላችሁ። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል። 960 በ1280 ፒክስል የሆነ ፎቶ በ300 ፒፒአይ ሲታተም 8 በ11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ የካርዱ ፊት ደግሞ 15 በ21 ነው። ለጥጣችሁ ብትሞሉት ይደበዝዛል።

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል ልግባ። እንቁጣጣሽ ላይ ወንዶች ልጆች ፀሐይ፣ መልአክ፣ አበባ እየሳሉ በየቤቱ ይዘው ይመጡ የለ? ለእኔ ከዚያ የተሻለ የበዓል ካርድ የለም። እኛ ሳንቲም ሰጥተን እንቀበልና ሥዕሉ በማግስቱ የት እንደገባ አይታወቅም። እኔ የጎረቤት ልጆችን ሥዕል በስልክ አንስቼ የካርድ ፊት እያደረግኩት ነው፣ ልጁንም ወላጆቹንም አስፈቅጄ፣ የልጁን ስም ጀርባው ላይ ጽፌ። ስማቸው ታትሞ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚነበበውን ደስታ ብታዩ እናንተም ትጀምሩ ነበር።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሥዕሉን መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ አስቀምጣችሁ ከላይ አንሱት። ተንጋዶ ከሆነ በፐርስፔክቲቭ ቱል አራቱን ማዕዘን እየጎተታችሁ ታቃኑታላችሁ። ከዚያ ከለርስ ሜኑ ውስጥ ብርሃንና ጥላ የሚስተካከልበትን ሌቭልስን ከፍታችሁ፣ ነጩን መምረጫ ወስዳችሁ ወረቀቱ ላይ ጠቅ ስታደርጉ ግራጫ የነበረው ወረቀት ነጭ ይሆናል፣ ቀለሞቹም ይደምቃሉ። ከሥሩ ሌላ ቀለም ያለው ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት የሚደራረብ ንብርብር) ካስገባችሁ ደግሞ የሥዕሉን ሌየር ሞድ ወደ መልቲፕላይ ቀይሩት። ነጩ ይጠፋና ልጁ የሳለው ብቻ ከሥር ባለው ቀለም ላይ ይቀራል። በመቀስ መሰል ቱል ዙሪያውን መቁረጥ አያስፈልግም።

ለጠርዙ ሐረግ ሞክሩ። የብራና መጻሕፍት ላይ የምናየው ዓይነት የተጠላለፈ ጌጥ ማለቴ ነው። አንድ ማዕዘን ብቻ በእጅ ስሉ፣ ሌየሩን አባዙት፣ በፍሊፕ ቱል ገልብጡት፣ አራት ማዕዘን ሞላላችሁ። ቀለም ምረጡ ብባል እዚያም ብራናዎቹን ነው የምከተለው። ጽሑፉ በጥቁር፣ ቅዱስ ስም በቀይ። ሁለት ቀለም ብቻ ሆኖ እንዴት እንደሚያምር!

ወደ ጽሑፉ ስንመጣ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉት የአማርኛ ፎንቶች ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም ዩኒኮድ (የተለመደውን ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ የሚከተሉ) ናቸው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ ስለሌለው፣ ማጉላት የፈለጋችሁትን በመጠን ወይም በቀለም ለዩት። በጣም አታሳንሱት፤ እንደ ጭና ጬ ያሉት ፊደላት ቅጥያቸው ይደፈንና ለትልልቅ ሰዎች ለማንበብ ያስቸግራል።

አንድ ካርድ ለሁሉም አይሆንም። ለአክስቴ «እንኳን አደረሰዎ» ነው፣ ለጓደኛዬ «አደረሰህ»፣ ለቤተሰብ «አደረሳችሁ»። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የራሱ የጽሑፍ ሌየር ሠርቼ፣ የምፈልገውን ብቻ የዓይን ምልክቱን ተጭኜ አበራለሁ። የዓመቱን ስምም ለብቻው አድርጉት። ለ2019 እንቁጣጣሽ «ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገረዎ» ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሉቃስና ዮሐንስን አስገብቶ ያንኑ ካርድ መጠቀም ይቻላል። ዓመቱን ፳፻፲፱ ብሎ በግዕዝ ቁጥር መጻፍ ደግሞ በጣም ያምርበታል።

ለኮፒ ቤት የምትወስዱት ፒዲኤፍ ይሁን። የጊምፕን ፋይል ብትወስዱ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ላይኖር ይችላል። ዋናውን ግን ሌየሩ እንዳለ በኤክስሲኤፍ፣ በጊምፕ በራሱ የፋይል ዓይነት፣ አስቀምጡት፣ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ። ለሚያትመው ልጅ ሁለት ነገር ንገሩት፦ መጠኑ 100 ፐርሰንት ይሁን፣ ሁለቱም ገጽ ሲታተም በአጭሩ ጠርዝ ይገልበጥ። በረጅሙ ከተገለበጠ ውስጡ ተዘቅዝቆ ይመጣል። የተለመደው 80 ግራም ወረቀት ለካርድ ይሳሳል፤ 200 ግራም ገደማ የሆነ ወፍራም ወረቀት ጠይቁ። እሱ በእጅ ሲታጠፍ ስለሚሰነጠቅ፣ ማስመሪያ አስደግፋችሁ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመሩን ጫን ብላችሁ ካሰመራችሁ በኋላ እጠፉት።

ደማቅ አረንጓዴ ስክሪን ላይ የሚታየውን ያህል ወረቀት ላይ አይወጣም። ፎቶም ሲታተም ጠቆር ይላል። ስለዚህ በሌቭልስ የመካከለኛውን ብርሃን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ቅጂ አሳትማችሁ እዩት።

ቀጥሎ የጥምቀት ካርድ ነው። የከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ከሰዓት በኋላ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ፀሐይዋ ዘንበል ስለምትል የጃንጥላዎቹ ወርቃማ ጥልፍ ደምቆ ይታያል። ስልኩን በቁም ይዤ፣ ከላይ ለፊደሉ የሚሆን ሰፊ ሰማይ ትቼ ለማንሳት አስቤያለሁ። ያንን ጥልፍ በተራ ቀለም ፕሪንተር ወርቅ አስመስሎ ያሳተመ ካለ፣ የትኛውን ቢጫ እንደተጠቀመ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።